ጅማን የያዘው ጦር አዛዥና ቤተሰባቸው
የአንባብያን ጥያቄዎች ስለ ጄኔራል አላን ከኒንግሃም

ስለ 1933 ዓ.ም. የነፃነት ዘመቻ ባወጣነው አጭር ጽሑፍ ውስጥ «ከኬንያ የተነሣው የጄኔራል ከኒንግሃም ጦር መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ፣ ሰኔ 14 ቀን ደግሞ ጅማ ገባ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ከጅማና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው የተነሡት ከዚህ ዓረፍተ ነገር ነው። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን ከዚህ በታች እንመልሳለን። በአገራችን የሆነውን በእኛው አቆጣጠር፣ ከአገር ውጭ የሆነውን ደግሞ «እ.ኤ.አ.» እያልን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈነዋል።

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፤ ተማሪዎቼ የዊንጌትን ስም በአዲስ አበባ በተሠየመለት ትምህርት ቤት ምክንያት ያውቁታል። አዲስ አበባን ከጣሊያን እጅ የያዘውን ጦር ያዘዙት ከኒንግሃም ግን ለእነሱ ስም ብቻ ናቸው። እኒህ ሰው ማን ነበሩ? ከምን ዓይነት ቤተሰብስ ወጡ? (ከጅማ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር)

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፤ ተማሪዎችዎ ዊንጌትን ማወቃቸው ተገቢ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱን አጅቦ በጎጃም በኩል የገባው እሱ ነውና። ሆኖም ዊንጌት በወቅቱ ጥቂት ሺህ ሰው የሚመራ መኮንን ሲሆን፣ ከኒንግሃም ግን የደቡቡ ግንባር ሁሉ የበላይ አዛዥ ነበሩ። ስማቸው በአገራችን ያን ያህል አለመነገሩ እኔንም ሲያሳስበኝ የኖረ ነገር ነውና ጥያቄዎን በደስታ እመልሳለሁ።

አላን ጎርደን ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1887 በደብሊን ከተማ ተወለዱ። በልማድ «እንግሊዛዊው ጄኔራል» ይባሉ እንጂ የትውልድ ቦታቸው አየርላንድ፣ ዘራቸው ደግሞ ስኮትላንዳዊ ነበር። ቤተሰቡ ከወታደር ቤት ይልቅ የቀለምና የሃይማኖት ቤት ነበር ማለት ይቻላል። አያታቸው ጆን ከኒንግሃም በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲያገለግሉ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1886 የቤተ ክርስቲያኒቱን ጠቅላላ ጉባኤ በሊቀ መንበርነት እስከ መምራት የደረሱ ቄስና የታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። አባታቸው ዳንኤል ጆን ከኒንግሃም ደግሞ የሰውን አካል አሠራር የሚያጠናው የአናቶሚ ትምህርት ሊቅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ ሃያ ዓመት በደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1909 እስከ ሞቱበት ጊዜ ድረስ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። የጻፏቸው የመማሪያ መጻሕፍት ሬሳ እየቀደደ ለሚማር የሕክምና ተማሪ እጅግ የተመቹ ስለ ነበሩ፣ እሳቸው ከሞቱ በኋላም እየታረሙና እየታደሱ ትውልድ ሲማርባቸው ኖሯል። ምናልባት በአባትየው ስም የሚጠሩት እነዚህ መጻሕፍት፣ ልጆቹ በጦር ሜዳ ካገኙት ዝና ይልቅ ለብዙ ሰው ሳይጠቅሙ አልቀሩም።

ዳንኤልና ባለቤታቸው ኤልሳቤጥ ካሳደጓቸው አምስት ልጆች ሦስቱ ወንዶች ነበሩ። ጆን በሕንድ የሕክምና አገልግሎት ገብቶ የአባቱን ሙያ ተከተለ። አንድሩ ባሕር ኃይል ገባ፤ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ባሕር ኃይል መግባት ትወዳለህ ወይ ብለው ቢጠይቁት፣ አዎን፣ አድሚራል መሆን እወዳለሁ ብሎ መለሰ ይባላል፤ እንዳለውም ሆነ። የወንዶቹ ታናሽ አላን ግን ወደ ምድር ጦር አዘነበሉ። በቼልተናም ኮሌጅ ተምረው፣ መድፈኞችንና መሐንዲሶችን በሚያሠለጥነው የዉሊች ወታደራዊ አካዳሚ አልፈው እ.ኤ.አ. በ1906 በመድፈኛ ጦር የመኮንንነት ማዕረግ አገኙ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ግንባር በፈረሰኛ መድፈኛ ክፍል ተዋግተው ሁለት የጀግንነት ኒሻኖች ተሸለሙ፤ አንዱን እ.ኤ.አ. በ1915፣ ሁለተኛውን በ1918። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት አንዳንዴ በሩቅ ምሥራቅ በስታፍ መኮንንነት፣ አንዳንዴ በማሠልጠኛ፣ አንዳንዴም በትምህርት ላይ ቆይተው፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የፀረ አውሮፕላን ክፍለ ጦር አዛዥ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በመድፍ ሙያ መሆኑን አንባቢ ቢያስታውስልኝ ደስ ይለኛል፤ ወደፊት ለሚመጣው ጥያቄ ቁልፉ እዚያ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1940 በኬንያ የነበረውን የምሥራቅ አፍሪካ ጦር አዛዥነት ተረከቡ። ጦሩ ከደቡብ አፍሪካ ኅብረት፣ ከናይጄሪያ፣ ያኔ ጎልድ ኮስት ትባል ከነበረችው ከጋና፣ ከኬንያና ከሌሎችም የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የተውጣጣ ነበር። ጥር 1933 አልፎ የካቲት ሲገባ ይህ ጦር ወደ ጣሊያን ሶማሊያ ገሠገሠ። የካቲት 7 ቀን ኪስማዮን፣ የካቲት 18 ቀን ሞቃዲሾን ያዘ። ጣሊያኖች ሞቃዲሾን ሲለቁ ከ300 ሺህ ጋሎን በላይ ቤንዚን ሳያቃጥሉ ጥለው በመሄዳቸው ከኒንግሃም ስንቅና ነዳጅ ከኋላ እስኪደርስላቸው መጠበቅ አላስፈለጋቸውም፤ ፊታቸውን ወደ ኦጋዴን አዙረው መጋቢት 17 ቀን ሐረርን፣ መጋቢት 20 ቀን ድሬዳዋን፣ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባን ያዙ። በ53 ቀን ውስጥ 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘው ይህ ጦር በዚያ ሁሉ መንገድ የሞተበት፣ የቆሰለበትና የጠፋበት ሰው ተደምሮ ወደ 500 ገደማ ነው። በዘመኑ እንዲህ በፍጥነት የተጓዘ ጦር ማግኘት ያስቸግራል፤ ይህን ለጄኔራሉ መንፈግ ፍትሕ አይሆንም።

ጥያቄ፦ አያቴ ጅማን ነፃ ያወጡት አርበኞች ናቸው ይሉ ነበር። መጽሐፍ ላይ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ያዛት የሚል አነባለሁ። የትኛው ነው እውነቱ? አዲስ አበባ በመጋቢት ስትያዝ ጅማ እስከ ሰኔ የዘገየችውስ ለምንድን ነው? (ከጅማ፣ ከሂርማታ ሠፈር)

መልስ፦ አያትዎ የነገሩዎትን ይያዙት፤ መጽሐፉም አልዋሸም። ነገሩን ለመረዳት ግን ከሁለተኛው ጥያቄዎ መጀመር ይሻላል።

አዲስ አበባ በተያዘች ጊዜ የመካከለኛው ምሥራቅ የበላይ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ዌቭል ሐሳባቸው ሁሉ ወደ ግብጽና ወደ ግሪክ ዞሮ ነበር። በሊቢያ የጀርመኑ ጄኔራል ሮሜል መጥቷል፤ ስለዚህ በኢትዮጵያ ያለው ጦር ቶሎ ተለቅቆ ወደ ሰሜን እንዲሄድላቸው ይፈልጉ ነበር። ለዚህም የሚያስፈልገው ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አስመራና ወደ ቀይ ባሕር የሚወስደውን መንገድ መክፈት ነበር። ከኒንግሃም የደቡብ አፍሪካ ብርጌዳቸውን ወደ ደሴ ላኩ፤ ይህም ብርጌድ ከሰሜን ከሚመጣው ከጄኔራል ፕላት ጦር ጋር በአምባ አላጌ ተገናኘ፤ የጣሊያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍንም በግንቦት ወር እጃቸውን ሰጡ። በዚህ ስሌት ጅማ ከዋናው መንገድ የራቀች ነበረች። ከዚህም በላይ በከተማዋ የተጠለለው የጣሊያን ሲቪል ሕዝብ ብዙ ስለ ነበረ ከተማዋን መያዝ ማለት ያን ሁሉ ሰው መቀለብና መጠበቅ ማለት ነበር፤ ከኒንግሃም ይህን ሸክም ለመቀበል አልቸኮሉም።

ይሁንና ጅማ ተራ ከተማ አልነበረችም። ጣሊያኖች ደቡብ ምዕራቡን አገር በአንድ ግዛት አጠቃልለው ዋና ከተማውን የተከሉት ጅማ ላይ ነው። የግዛቱ ገዥ ጄኔራል ፒየትሮ ጋዜራ ቀድሞ የጣሊያን የጦር ሚኒስትር የነበሩ ሰው ሲሆኑ፣ የአኦስታው መስፍን ሲማረኩ ደግሞ የቀረው የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት ተጠባባቂ ጠቅላይ ገዥ ሆኑ። ስለዚህ በ1933 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ ላይ የጣሊያን መንግሥት በምሥራቅ አፍሪካ ያለው ከፍተኛ ሥልጣን መቀመጫ ይህችው የእናንተ ከተማ ነበረች። የጅማ ልጆች ይህን በትምህርት ቤት ቢሰሙት መልካም ነበር።

ከኒንግሃም ወደ ደቡብ ምዕራብ ጦር ያዘመቱት በሁለት አቅጣጫ ነው። አሥራ ሁለተኛው የአፍሪካ ክፍለ ጦር ከኬንያ ወሰን በነገሌ በኩል ወደ ላይ ሲወጣ፣ የጎልድ ኮስት ወታደሮች በዋደራ ደን ውስጥ ብርቱ ውጊያ ገጥሟቸው ግንቦት መጀመሪያ ላይ አለፉ። አሥራ አንደኛው ክፍለ ጦር ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሐይቆቹን እየተከተለ ሻሸመኔ ከደረሰ በኋላ ወደ ምዕራብ ታጠፈ። ግንቦት 11 ቀን በአላባ ቁሊቶ በተደረገው ውጊያ ኬንያ ተወልዶ ያደገው ሳጅን ናይጀል ሊኪ በጠላት ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ታንኩን ከማረከ በኋላ ሌላ ታንክ ሲያሳድድ ወደቀ፤ ከሞተ በኋላም የብሪታንያ ከፍተኛው የጀግንነት ኒሻን የቪክቶሪያ መስቀል ተሰጠው። በሦስተኛው ቀን ሶዶ ተያዘች። ከዚያ በኋላ የቀረው ትልቁ እንቅፋት ወንዙ ነበር። ክረምቱ ገብቶ ኦሞ ሞልቷል፤ ድልድዮቹ ፈርሰዋል፤ ጣሊያኖችም በማዶው ገደል ላይ መድፋቸውን ደርድረዋል። በግንቦት መጨረሻ ገደማ የናይጄሪያው ብርጌድ በአዲስ አበባው መንገድ በአበልቲ አጠገብ፣ የምሥራቅ አፍሪካው ብርጌድ ደግሞ በሶዶው መንገድ ተሻገሩ። በዚያ ዶፍ ውስጥ በጀልባ የተሻገሩት የካኖና የናይሮቢ ልጆች በጅማ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላቸው።

አሁን ወደ አያትዎ ነገር እንመለስ። ይህ ሁሉ ጦር ወንዙን ተሻግሮ እስኪደርስ ድረስ ጅማን ዙሪያዋን ይዘው ጣሊያኖችን ከከተማዋ እንዳይወጡ ያስጨነቋቸው አርበኞች ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል ስማቸው ከፍ ብሎ የሚነሣው ገረሱ ዱኪ ናቸው። ገረሱ ከወሊሶ አካባቢ ተነሥተው ለአምስት ዓመት ያህል በዱር በገደሉ የተዋጉ፣ ጣሊያን በማባበልም በማሳደድም ያልቻላቸው ሰው ነበሩ። አርበኞቹ ሲቃረቡ ጣሊያኖች ይበልጥ የፈሩት ከከኒንግሃም መድፍ ይልቅ አምስት ዓመት የበደሉትን ሕዝብ ነበር፤ ጅማ ያለ ውጊያ ክፍት ከተማ ተብላ ሰኔ 14 ቀን የተያዘችውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ጋዜራ ቀድመው ወደ ምዕራብ አፈግፍገው ነበርና በጅማ አልተያዙም። ሰኔ 26 ቀን ደምቢዶሎ ላይ እጃቸውን የሰጡት በጋምቤላ በኩል ለመጣው ለቤልጂግ ኮንጎ ጦር ነው።

እንግዲህ ማን ነፃ አወጣት ለሚለው፣ ከኒንግሃም ያዘዙት የአፍሪካውያን ጦር የኦሞን በር ሰበረ፤ የከተማዋን ማነቆ ግን ይዘው የነበሩት አርበኞች ናቸው። እኔ በበኩሌ ዘመቻውን «የእንግሊዝ ድል» ብሎ መጥራት ለሁለቱም በደል ነው ብዬ አምናለሁ። የጄኔራሉ ዕቅድ ጥሩ የነበረው በአብዛኛው የጣሊያን ጦር በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትኖ አርበኛ ሲጠብቅ በነበረበት አገር ውስጥ ስለ ተፈጸመ ነው።

ጥያቄ፦ ከኒንግሃም ኢትዮጵያን በገዥነት አስተዳድረዋል የሚሉ አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ እንዳይገቡም ከልክለዋል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? (ከጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ የሕግ ተማሪ)

መልስ፦ ገዥ አልነበሩም። ጦሩ የያዘው አገር የሚተዳደረው «የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር» በሚባል መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ኃላፊው ቀድሞ የኡጋንዳ፣ ኋላም የኬንያ ገዥ የሆኑት ሰር ፊሊፕ ሚቸል ነበሩ። የመሥሪያ ቤቱ ስያሜ ራሱ ኢትዮጵያን እንደ ጠላት ግዛት መቁጠሩ ንጉሠ ነገሥቱን እጅግ ማስቆጣቱ የሚያስገርም አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ግን እውነትነት አለው። መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ስትያዝ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ነበሩ። ከኒንግሃም በከተማዋ የሚኖሩት ብዙ ሺህ ጣሊያናውያን በበቀል እንዳይፈጁ በመስጋት የንጉሠ ነገሥቱ መግባት እንዲዘገይ ፈለጉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጣሊያን ፖሊሶች ሳይቀሩ መሣሪያቸውን እንደ ታጠቁ በጥበቃ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። ሥጋቱ በቅን ልብ የመጣ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የየካቲት 12ን ፍጅት ያየ የአዲስ አበባ ሕዝብ በፈጸመው ሳይሆን ሊፈጽም ይችላል ተብሎ በተገመተው ነገር መጠርጠሩ፣ አገሩን ለማስመለስ አምስት ዓመት ለታገለ ሕዝብ የሚገባ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ በዊንጌት ድጋፍ ተነሥተው፣ ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ገቡ፤ በቤተ መንግሥትም የተቀበሏቸው ከኒንግሃም ራሳቸው ናቸው። የተፈራውም እልቂት አልደረሰም። ግንቦት 3 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትሮቻቸውን ሾሙ፤ እንግሊዞች ቅር ቢላቸውም ሹመቱ ጸና። በእንግሊዝና በኢትዮጵያ መንግሥታት መካከል የተደረገው ስምምነት ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲፈረም ከኒንግሃም ከአገራችን ከወጡ ወራት አልፈው ነበር። የሕግ ተማሪ እንደ መሆንዎ ስምምነቱን ራሱን ፈልገው ቢመረምሩት ብዙ ያገኙበታል።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ድል ያገኘ ጄኔራል በግብጽ በረሃ ከሥልጣኑ የተነሣው ለምንድን ነው? ወንድሙ አድሚራል መሆኑስ አልጠቀመውም? (ከአጋሮ)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የወደድኩት የሁለቱን ወንድማማቾች ታሪክ አንድ ላይ ለማውራት ስለሚያስችለኝ ነው።

በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ታላቅየው አንድሩ የሜዲትራኒያን ባሕር ኃይል የበላይ አዛዥ ሆነው መቀመጫቸው እስክንድርያ ነበር። ታናሽየው መጋቢት 17 ቀን ሐረርን ሲይዙ፣ ታላቅየው መጋቢት 19 ቀን ሌሊት በግሪክ ደቡብ በማታፓን አጠገብ የጣሊያንን መርከቦች በጨለማ ደርሰውባቸው ሦስት ከባድ ክሩዘሮችና ሁለት ዲስትሮየሮች አሰጠሙ፤ በማግሥቱ ደግሞ የታናሽየው ጦር ድሬዳዋ ገባ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የአንድ እናት ልጆች፣ አንዱ በባሕር፣ አንዱ በምድር፣ ያንኑ ጠላት መቱ። ለኤዲንብራው ፕሮፌሰር ቤት ከዚህ የበለጠ ሳምንት ያልነበረ ይመስለኛል። አባትየው ግን ይህን ሳያዩ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል።

አላን የሰር ማዕረግ ተሰጥቷቸው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1941 ወደ ካይሮ ተጠሩና አዲስ የተቋቋመው የስምንተኛው ጦር የመጀመሪያ አዛዥ ሆኑ። እዚህ ላይ ነው የመድፈኛነታቸው ነገር የሚነሣው። በኢትዮጵያ ያካሄዱት ዘመቻ በመኪና የሚጓዝ እግረኛ ጦር ሞራሉ የተሰበረ ጠላትን በመንገድ ላይ ማሳደድ ነበር። በሊቢያ በረሃ የገጠማቸው ግን ሮሜል ነው፤ ውጊያው የታንክ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ብዙ ታንክ ያለበት ጦር አዝዘው አያውቁም፤ ሠራዊቱንም ለማደራጀት የተሰጣቸው ጊዜ ጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ኖቬምበር 18 ቀን የተጀመረው የክሩሴደር ዘመቻ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሲዲ ሬዘግ ዙሪያ እጅግ ብዙ የእንግሊዝ ታንክ በላ። ከኒንግሃም የቀረውን ጦር ለማዳን ወደ ግብጽ ማፈግፈግ ሳይሻል አይቀርም ብለው አሰቡ። የበላያቸው ጄኔራል ኦኪንሌክ ግን ከካይሮ በረው መጥተው ውጊያው ይቀጥል አሉ፤ ኖቬምበር 26 ቀንም ከኒንግሃምን አንሥተው በጄኔራል ሪቺ ተኳቸው። በኢትዮጵያ አሥራ ሁለተኛውን ክፍለ ጦር ይመሩላቸው የነበሩት ጎድዊን ኦስተን በዚህም ዘመቻ አንዱን ኮር ያዝዙ ነበር፤ እሳቸውም ማፈግፈጉን ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ።

በድካም የተጎዱት ከኒንግሃም ሆስፒታል የገቡት ወንድማቸው ባሉበት በእስክንድርያ ነው። ለአንድሩም ቢሆን ያ ሳምንት የመከራ ሳምንት ነበር፤ ኖቬምበር 25 ቀን ባርሃም የተባለችው የጦር መርከባቸው በጀርመን ሰርጓጅ ቶርፔዶ ተመትታ ከ800 በላይ ሰው ይዛ ሰጠመች። በመጋቢት የገጠመው የወንድማማቾቹ ዕድል በኅዳርም እንዲሁ ገጠመ። የአንድሩ ኮከብ ኋላ ተመልሶ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1943 የጣሊያን ባሕር ኃይል እጁን ሲሰጥ የተቀበሉት እሳቸው ሲሆኑ፣ በዚያው ዓመት የብሪታንያ ባሕር ኃይል ከፍተኛው አዛዥ ሆኑ። አላን ግን ዳግመኛ የጦር ሜዳ አላዘዙም፤ በካምበርሊ የስታፍ ኮሌጅ፣ በሰሜን አየርላንድ፣ በመጨረሻም በእንግሊዝ የምሥራቅ ዕዝ አዛዥ ሆነው ጦርነቱን ጨረሱ። ወንድም ጠቀመ ወይ ለሚለው፣ በዚያ ጊዜ አንድ ጦር ሊጠፋ ሲል ወንድምን የሚያስብ አልነበረም፤ አንድሩም ጣልቃ ሊገቡ አይችሉም ነበር። ኦኪንሌክ ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ ውጊያው ቀጥሎ ሮሜል አፈገፈገ። ይሁን እንጂ ሙያቸው ወዳልሆነ ውጊያ በችኮላ የላኳቸውም የጥፋቱ ተካፋዮች ናቸው።

ጥያቄ፦ የፍልስጤም የመጨረሻው ገዥ ከኒንግሃም የሚባል ነበር። እኒሁ ናቸው? (ከሊሙ ገነት)

መልስ፦ እኒሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1945 ሎርድ ጎርትን ተክተው ሰባተኛውና የመጨረሻው የፍልስጤም ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆኑ። ሹመቱ በቅኝ ግዛት ውስጥ የአንድ ጠቅላይ ገዥ ሥልጣን ያለው ነበር፤ ልዩነቱ አገሪቱ ብሪታንያ በመንግሥታት ማኅበር አደራ የምታስተዳድራት መሆኗ ነው። ከአውሮፓው እልቂት የተረፉት አይሁዶች ለመግባት ይጠይቃሉ፤ አረቦች መሬታችን ከእጃችን ሊወጣ ነው ይላሉ፤ ለንደን ደግሞ ውሳኔ ታዘገያለች። እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 1946 የአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት የነበረበት የንጉሥ ዳዊት ሆቴል ኢርጉን በተባለው የአይሁድ ታጣቂ ቡድን ፈንጂ ፈርሶ 91 ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1947 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገሪቱ እንድትከፈል ወሰነ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በከኒንግሃም ዓይን ፊት የተካሄደ የእርስ በርስ ጦርነት ነበሩ። ሜይ 14 ቀን 1948 ጠዋት ከኢየሩሳሌም ተነሥተው ሃይፋ ወረዱና ዩሪያለስ በተባለች የጦር መርከብ ተሳፍረው ወጡ፤ እኩለ ሌሊት ላይም የብሪታንያ ሥልጣን አበቃ። በአዲስ አበባ የአንድ መንግሥት መመለስን ያዩ ሰው በኢየሩሳሌም ሥልጣኑን የሚያስረክቡት መንግሥት አጥተው ወጡ። የፍልስጤም ሰነዶቻቸው ዛሬ በኦክስፎርድ በቅዱስ አንቶኒ ኮሌጅ ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ፒያሳ ያለው የከኒንግሃም መንገድ በእኒህ ሰው የተሠየመ ነው? አድሚራል ጆን ከኒንግሃም የሚባልም አንብቤአለሁ፤ ሦስተኛው ወንድም ነው? ጄኔራሉስ ልጅ ትተዋል? (ከጅማ)

መልስ፦ መንገዱ በእሳቸው የተሠየመ ነው፤ የበላያቸው የዌቭልም ስም በዚያው በፒያሳ በመንገድ ተሰጥቷል።

አድሚራል ጆን ከኒንግሃም ዝምድና የላቸውም። አንድሩን በሜዲትራኒያን ዕዝም ሆነ በከፍተኛው የባሕር ኃይል ሥልጣን ተራ በተራ የተኩ በመሆናቸው ብዙ ጸሐፊዎች ሳይቀሩ ይሳሳቱባቸዋል። እውነተኛው ወንድም ጆን ቀደም ብለን የጠቀስናቸው በሕንድ ያገለገሉት ሐኪም ናቸው።

ጄኔራሉ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሳያገቡ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1951፣ ከስልሳ ዓመት ካለፉ በኋላ፣ ማርጀሪ የሚባሉ ወይዘሮ አገቡ፤ ልጅ አልወለዱም። ወንድማቸው አንድሩ እ.ኤ.አ. በ1929 ያገቧቸው ኖና ባያት የታንጋኒካ ገዥ የነበሩት የሰር ሆሬስ ባያት እኅት ነበሩ፤ ከእሳቸውም ልጅ አልተገኘም፤ በመሆኑም ለአንድሩ የተሰጠው የቫይካውንት ማዕረግ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሞቱ ወራሽ አጥቶ ቀረ። አላን ከወንድማቸው ሃያ ዓመት ገደማ በላይ ኖረው፣ የተማሩበትን የቼልተናም ኮሌጅ ምክር ቤት ለረዥም ጊዜ በሊቀ መንበርነት መርተው፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1983 በኬንት አውራጃ በተንብሪጅ ዌልስ ከተማ በ95 ዓመታቸው ዐረፉ።

በመጨረሻም የታሪክ መምህሩ ከደብዳቤያቸው ግርጌ ለተማሪዎቻቸው የሚሆን የጄኔራሉ የራሳቸው ጽሑፍ ይገኝ እንደ ሆነ ጠይቀዋል። ከኒንግሃም ስለ ዘመቻው ሁለት ሪፖርት ለበላዮቻቸው ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1946 «ለንደን ጋዜት» በሚባለው የብሪታንያ መንግሥት ጋዜጣ ታትመዋል። የመጀመሪያው አዲስ አበባ እስክትያዝ ያለውን ይተርካል፤ ሁለተኛው ከመጋቢት 28 እስከ ሐምሌ 4 ቀን 1933 ዓ.ም. ያለውን የሚሸፍን ስለሆነ፣ የኦሞ መሻገርና የጅማ መያዝ የሚገኘው በሁለተኛው ውስጥ ነው።